ላስቲኳ ላይ ስሟን ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ሹፌር ነኝ። ደሴ ኮምቦልቻ መስመር ላይ ሚኒባስ ስነዳ 11 ዓመት አልፎኛል። ጽሑፍ ሥራዬ ስላልሆነ ከተንዛዛሁ ቆርጣችሁ አስተካክሉት። ጋዜጣችሁን የማነበው መነኻሪያ ተራ ስጠብቅ ነው። ባለፈው ስለ ጉንፋን የጻፋችሁትን አነበብኩና "ስለ አለርጂ ክኒን ምነው ዝም አሉ?" ብዬ ብዕር አነሣሁ። ዝም የሚባል ነገር ስላልሆነ ነው። እኔን ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሊቀብረኝ ነበር፣ 12 ሰው ጨምሮ።

ነገሩ ከአፍንጫዬ ይጀምራል።

የኔ አፍንጫ የክረምቱን መውጣት ከቀን መቁጠሪያ ቀድሞ ያውቃል። ሣሩ አበባ ሲይዝ ማስነጠስ እጀምራለሁ። አንድ ሁለቴ አይደለም፣ ሰባት ስምንቴ አከታትዬ። ዓይኔ ይቀላል፣ ላንቃዬን ያሳክከኛል፣ አፍንጫዬ እንደ ተበላሸ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ይውላል። ጥቅምት ሲያልቅ ቀለል ይለኝና ኅዳር ላይ ደግሞ ውቂያው ይመጣል። በኮንትራት ወደ ሐይቅ ወይ ወደ ወረባቦ ሄጄ አውድማ አጠገብ ካለፍኩ አለቀልኝ። የጤፉ እብቅ በመስኮት ገብቶ ፊቴ ላይ ሲያርፍ የማደርገው ይጠፋኛል፣ እያስነጠሱ መንዳት ደግሞ ዓይን ጨፍኖ መንዳት ነው።

እንደ አገሬ ሰው እኔም "ሳይነስ አለብኝ" ነበር የምለው። እኛ ዘንድ አፍንጫ ያለው ሰው ሁሉ ሳይነስ አለበት። ምክሩም አይጠፋም። ዳማከሴ አሽትት፣ ነጭ ሽንኩርት ብላ፣ ውኃ አፍልተህ ታጠን፣ ጠዋት ጠዋት ብርድ አትውጣ። (ሹፌር ሆኜ ጠዋት ካልወጣሁ ምን ልበላ ነው?) እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "አደይ አበባው ነው የሚያስነጥስህ" ትለኝ ነበር። እኔም አበባውን ስንት ዓመት ጠመድኩት። ለካስ የአደይ አበባ ብናኝ ከባድ ነው፣ የሚያመላልሰው ንብ ነው፤ በነፋስ ተንሳፍፎ አፍንጫችን የሚገባው በብዛት የሣሩ ነው። አደይ አበባን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

አምና ግን ቆርጬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ጠየቀኝ፣ አፍንጫዬን በባትሪ አየና "ይሄ አለርጂ ነው፣ ሳይነስ አይደለም" አለኝ። ሴትሪዚን የሚባል ክኒን ጻፈልኝ። 10 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ፍሬ፣ ማታ። የመጀመሪያዋን ውጬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ትራሴ ደረቅ ነበር። እንደኔ ያለ ሰው ይህን ሲያነብ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ሁለት ወር ሙሉ ሰው ሆንኩ። ሥራዬም ሰላም ነበር፣ ክኒኗም ብዙ እንቅልፍ አላመጣችብኝም።

ስሕተቱ የመጣው ክኒኗ ያለቀች ቀን ነው።

ኅዳር ላይ ነው። ከመነኻሪያ ስወጣ መንገዴ ላይ ያገኘሁት አንድ ፋርማሲ ገባሁና "የአለርጂ ክኒን ስጪኝ" አልኳት ልጅቷን። ካርቶኑን ይዤ አልሄድኩም፣ ስሟንም በቃሌ አልያዝኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም። ከትልቅ ጣሳ ውስጥ 20 ትናንሽ ቢጫ ክኒኖች ቆጠረችና ትንሽ ላስቲክ ውስጥ ከተተችልኝ። ላስቲኳ ላይ በእስክሪብቶ 1×3 ብላ ጻፈች። ስም የለ፣ መጠን የለ፣ ሌላ ምንም የለ። 1×3 ብቻ። ዋጋውም ከበፊቱ ረከሰልኝና ደስ እያለኝ ወጣሁ።

የበፊቷ ነጭ እንደነበረች ትዝ ብሎኛል። "ፋብሪካው ተለውጦ ይሆናል" አልኩ። በቀን አንዴ የነበረው ሦስቴ መሆኑንም "ይቺ ቀለል ያለች ናት ማለት ነው" ብዬ በራሴ ተረጎምኩት። ሰው ሲያስነጥስ ማሰብ አይችልም መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት አንዷን ዋጥኩ። ረዳቴ ደግሞ ስናፈጥ አይቶ "ጋሼ፣ ይቺን ሞክራት፣ የጉንፋን ናት፣ ቀጥ ነው የምታደርግህ" ብሎ ከኪሱ አንድ ፍሬ ሰጠኝ። እሷንም ዋጥኩ። ቡናዬን ጠጣሁ፣ ተሳፋሪው ሞላ፣ ወጣን።

ሐረጎን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ደሴ ብርዱ ላይ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ደግሞ ሞቁ ላይ፣ ታች ናት። በመካከል ያለው መንገድ ገደሉን እየተጠማዘዘ ነው የሚወርደው። ወደ 25 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፣ ግን ፍሬን የሚፈተነው እዚያ ነው፤ ዝም ብለህ ፍሬን ላይ ከቆምክ ይግልብሃል፣ በማርሽ ይዘህ ነው የምትወርደው። ከታች ሲኖትራኮቹ ጭነት ይዘው እያጓሩ ይወጣሉ። ጠዋት ላይ ጉም ካለ ደግሞ አፍንጫህ ሥር ያለውን አታይም። 11 ዓመት ወርጄዋለሁ፣ እያንዳንዷን ጥምዝ እንደ ልጆቼ ስም አውቃታለሁ።

የዚያን ቀን አንድ ጥምዝ ዞርኩና ከሱ በፊት ያለውን መዞሬን ማስታወስ አቃተኝ።

አልተኛሁም። ዓይኔ ክፍት ነበር። ሰዎች ሲያወሩ ይሰማኛል፣ ግን ከሩቅ ነው፣ ውኃ ውስጥ ሆኜ የምሰማ ያህል። እጄ መሪው ላይ አለ። ምላሴ ደርቆ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። የሲኖው ጥሩምባ ሲጮህ ከየት እንደሚጮህ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ረዳቴ ትከሻዬን በጥፊ መታኝና "ኧረ ጋሼ!" አለ። ያኔ ነው የገባኝ፣ የሲኖውን መስመር ይዤ ነበር የምወርደው። ሳብኩት። መስታወታችን መስታወቱን ሊነካው ምን ቀረው። ከኋላ አንዲት እናት "ያ ረቢ" ስትል ሰማኋት፣ ከጎኗ ያሉት "እመብርሃን" ሲሉ ሰማሁ። ወሎ ነው፣ ሁሉም በየሃይማኖቱ ጠራ። ሰፋ ያለ ቦታ ላይ አቆምኩና ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። የቀረውን መንገድ ሌላ ሹፌር ጠርተን እሱ ነው ያወረደን።

ኮምቦልቻ የእህቴ ልጅ አለች፣ ፋርማሲስት ናት። ላስቲኳን ይዤ ሄድኩባት። ክኒኗን መዳፏ ላይ አድርጋ ገለበጠቻት፣ የረዳቴንም እሽግ ጠይቃ ጀርባውን አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና "አጎቴ፣ አንተ እኮ ዛሬ ያንኑ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ወስደህ ነው ሐረጎን የወረድከው" አለችኝ።

ያስረዳችኝን በራሴ አፍ ልንገራችሁ፣ ከተሳሳትኩ ሐኪሞች ያርሙኝ።

ሰውነታችን ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ነገር አለ። አለርጂ ያለበት ሰው ብናኙን ወይ አቧራውን ሲስብ ሰውነቱ ጠላት የመጣ መስሎት ሂስታሚኑን ይለቀዋል። ሂስታሚኑ ሄዶ የራሱ መቀመጫ ላይ ሲቀመጥ ነው የሚያሳክከን፣ የሚያስነጥሰን፣ ውኃ የሚያስወርደን። ክኒኗ ሂስታሚኑን አታጠፋውም። "እንደ ሚኒባስህ አስበው" አለችኝ፣ "ክኒኗ ወንበሩን ቀድማ ትይዝበታለች፣ እሱ መቀመጫ አጥቶ ይቀራል።" ሁለት ሦስት ፍሬ ብጨምርስ ስላት ሳቀች። "ወንበሩ ከሞላ ሌላው ትርፍ ነው፣ ትርፍ የጫነ ደግሞ እንደሚቀጣ አንተ ታውቃለህ።" ሽፍታ ለጸናበት ሰው ሐኪም መጠኑን ከፍ የሚያደርግበት ጊዜ አለ፣ ያ ግን የሐኪም ሥራ ነው፣ የኔ አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር። "የአለርጂ ክኒን" የሚባል አንድ ክኒን የለም። ብዙ ናቸው፣ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የድሮዎቹ አሉ፣ ክሎርፊኒራሚን፣ ፕሮሜታዚን፣ ዲፈንሃይድራሚን። እነዚህ በፈረንጆቹ 1940ዎቹ አካባቢ የመጡ ናቸው። አዲሶቹ ደግሞ ሴትሪዚን፣ ሎራታዲን፣ ፌክሶፌናዲን፣ ከ1980ዎቹ ወዲህ። ልዩነታቸው አንጎል ላይ ነው። ሂስታሚን አንጎል ውስጥ ሌላ ሥራ አለው፣ ንቁ አድርጎ የሚይዘን እሱ ነው። የድሮዎቹ ክኒኖች በቀላሉ አንጎል ድረስ ይገባሉ፣ እዚያም ወንበሩን ይይዙበታል። ከዚያ ሰውዬው ይደነዝዛል። አዲሶቹ ወደዚያ እምብዛም አይገቡም። ያቺ ቢጫ ክኒን ክሎርፊኒራሚን ነበረች፣ 4 ሚሊ ግራም። የምትሰጠው እፎይታ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለሆነ ነው በቀን ሦስት አራቴ የምትታዘዘው። ቀለል ያለች ስለሆነች አልነበረም።

የረዳቴ የጉንፋን ክኒንስ? ፓራሲታሞል አለበት፣ አፍንጫ የሚከፍት አለበት፣ ከዚያ በተጨማሪ ክሎርፊኒራሚን አለበት። ብዙዎቹ የጉንፋን ክኒኖች ውስጥ ይህ ወይም የሱ ዘመድ ይገኛል። ስለዚህ የአለርጂ ክኒን የሚወስድ ሰው የጉንፋን ክኒን ሲደርብ ሳያውቀው ዕጥፍ ይወስዳል። ይህን ስንት ሰው ያውቃል? እኔ በ43 ዓመቴ ነው የሰማሁት።

አንድ የገረመኝ ነገር ልጨምር። እንቅልፍ እንደያዘህ ላይታወቅህ ይችላል። ደህና ነኝ ትላለህ፣ እግርህ ግን ፍሬኑ ጋ ዘግይቶ ይደርሳል። ማታ የተወሰደውም እስከ ጠዋት ድረስ ይዞህ ሊቆይ ይችላል። "ቡና ጠጥቼ አባርረዋለሁ" የምትሉ የሙያ ጓደኞቼ፣ እኔም ጠጥቼ ነበር የወጣሁት። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ብትጨርሱ እንኳ ቡናው እንቅልፉን ትንሽ ይገፋው እንደሆን እንጂ መድኃኒቱን ከደም አያወጣውም። ጠላና አረቄ ሲጨመርበት ደግሞ አንዱ በአንዱ ላይ ነው የሚከመረው። ጥር ላይ ሠርግ በሠርግ ስንሆን ይህን ማሰብ ነው።

አዲሶቹም ቢሆኑ ሰው ይመርጣሉ። ሴትሪዚን ከሌሎቹ አዲሶች ይልቅ በመጠኑ ታስተኛለች። ለኔ ተስማምታኛለች፣ ባለቤቴ ግን አንዷን ውጣ እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ስታዛጋ ዋለች። የእህቴ ልጅ የመከረችኝ ይህን ነው፦ አዲስ ክኒን ስትጀምር የመጀመሪያውን ሥራ በሌለህ ቀን ዋዜማ ማታ ውሰድ። በማግስቱ ራስህን እየው። ከደበተህ ሎራታዲን ወይም ፌክሶፌናዲን ይቀየርልህ። ፌክሶፌናዲን የሚወስድ ሰው በውኃ ይዋጠው፣ በብርቱካን ወይ በፖም ጭማቂ አይሁን፣ ጭማቂው መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርገዋል። ሴትሪዚንና ሎራታዲን ግን ከምግብ በፊትም ይሁን በኋላ ግድ የላቸውም።

ረዳቴ በረመዳን ምን ላድርግ ብሎ ጠይቋት ነበር። እሱም እንደኔ ያስነጥሰዋል፣ ለዚህ ነው ኪሱ ፋርማሲ የሆነው። መልሱ ቀላል ነው። የአዲሶቹ አንዷ ፍሬ 24 ሰዓት ትቆያለች፣ ስለዚህ ከኢፍጣር በኋላ መውሰድ ነው፣ ጾሙም አይነካ፣ ቀኑንም ይሸፍናል። ሦስት ጊዜ የሚወሰደው የድሮው ግን ለጿሚም ለሹፌርም አይሆንም።

አንድ ማታ ብትረሳስ? ትተዋለህ፣ በማግስቱ በሰዓትህ አንዷን ትቀጥላለህ። ለማካካስ ሁለት አይዋጥም።

ከዚህ በኋላ ሰፈሬን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ጎረቤቴ ጋሼ አሉ፣ ከ70 ያለፉ፣ ሽንት ቶሎ አልወርድ ይላቸው ነበር፣ ፕሮስቴት ነው ተብለዋል። አምና ጉንፋን ይዟቸው ክኒን ሲወስዱ ከረሙና አንድ ሌሊት ሽንታቸው ጨርሶ ቆመ። ሆዳቸው ተነፍቶ፣ እያቃሰቱ፣ እኔ ነኝ በሌሊት ሆስፒታል የወሰድኳቸው። በቱቦ ነው የወጣላቸው። ያኔ ብርድ ነው ያልነው፣ ለካስ እነዚህ የድሮዎቹ ክኒኖች ምራቅ ብቻ ሳይሆን ሽንትም ያስይዛሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ፣ የዓይን ግፊት ላለበትም አይሆኑም፣ አዛውንትን ደግሞ ያወዛግባሉ፣ ተነሥተው ሲሄዱ ይጥላሉ። ጋሼን "ክኒኑ ይሆን?" ብዬ ብጠይቃቸው "አንተ ደግሞ ሐኪም ሆንክ?" አሉኝ። ቢሆንም እሽጉን አውጥተው አሳዩኝ። ክሎርፊኒራሚን ነበረበት።

ኩላሊት የታመመም መጠንቀቅ አለበት። ሴትሪዚን የሚወጣው በሽንት ነው፣ ኩላሊት ከደከመ እየተጠራቀመ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሐኪም መጠኑን ይቀንሰዋል፣ ብዙ ጊዜ በግማሽ። ስኳር ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ስኳር ያለባቸው እናቶቻችን ሲገዙ ይህን መናገር አለባቸው። ሎራታዲን ደግሞ በጉበት ነው የሚያልፈው፣ የጉበት ሕመም ያለበትም እንደዚሁ።

ስለ ልጆች ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ልጅ ይዛ የምትሄድ እናት "መንገድ ላይ እንዳያስቸግረኝ" ብላ የሚያስተኛ ሽሮፕ ስትሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ፣ አንድ ጊዜ አይደለም። በክዳኑ ቀድታ፣ በግምት። ፕሮሜታዚን ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም። ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ሕፃኑ የተኛ ይመስላል፣ ግን አይደለም። የልጅ መጠን በዕድሜና በኪሎ ነው የሚወሰን፣ የሚለካውም ከሽሮፑ ጋር በሚመጣው መለኪያ ወይም በስሪንጅ ነው፣ የቡና ማንኪያና የሾርባ ማንኪያ አንድ አይደሉም። እነዚህ መድኃኒቶች ለእንቅልፍ ተብለው ለልጅ አይሰጡም። እርጉዝና የምታጠባ ሴትም ሳትጠይቅ አትግዛ፣ የሚሆናት አለ፣ የማይሆናትም አለ።

ክኒኗ የማትሠራበትንም ልናገር። ሰው ሁሉ ለሁሉም ነገር ሲወስዳት አያለሁና። ደረቱ ሲር ሲር የሚልበት አስም ያለበት ሰው በሷ ብቻ አይድንም፣ የሚነፋው መድኃኒት ነው የሚያስፈልገው። የማገዶ ጭስና የእጣን ጭስ የሚያስነጥሰውም ብዙ አትረዳውም፣ ጭሱ አፍንጫን ስለሚያቃጥል ነው እንጂ አለርጂ ሆኖ አይደለም። አፍንጫው ሁልጊዜ ድፍን ብሎ የሚውል ሰው ከክኒኗ ይልቅ ሐኪም የሚያዝለት የአፍንጫ ስፕሬይ ይሻለዋል። ንብ ነድፎት ወይ ምግብ በልቶ ከንፈሩና ምላሱ ያበጠ፣ ድምፁ የሻከረ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካያችሁ ደግሞ ክኒን ፍለጋ አትሩጡ። እሱን የሚያድነው የአድሬናሊን መርፌ ነው። መኪና አስቁማችሁ ሆስፒታል አድርሱት። እኔ ብሆን ተሳፋሪ አውርጄ እወስደዋለሁ።

ሌላም ነገር አለ፣ ይህኛው አዲስ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ሴትሪዚንና እኅቷን ሌቮሴትሪዚንን ለወራት ወይም ለዓመታት በየቀኑ ሲወስዱ ቆይተው ድንገት ያቆሙ አንዳንድ ሰዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ኃይለኛ ማሳከክ ይዟቸዋል። ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ አይደለም። እኔ የምወስደው በወቅቱ ሁለት ሦስት ወር ስለሆነ እስካሁን አልገጠመኝም። ግን ዓመቱን ሙሉ የሚወስዱ ሰዎች መንገዴ ላይ አጋጥመውኛል፣ "ስተዋት ያሳክከኛል፣ ስለዚህ በሽታው አልለቀቀኝም" ይላሉ። ምናልባት በሽታው አይደለም። ለሐኪም ይንገሩና ቀስ በቀስ እየቀነሱ የሚያቆሙበትን መንገድ ያሳያቸው።

እኔ ክኒኗን አልጠላሁም። አሁንም እወስዳታለሁ። ሰው ያደረገችኝ እሷ ናት። ጎን ለጎን ግን ሌላም ነገር አደረግኩ። የጥንት ብርድ ልብሴን በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፣ አንሶላውን ባለቤቴ በሙቅ ውኃ ታጥበዋለች፣ አውድማ አካባቢ ስደርስ መስኮት እዘጋለሁ፣ ማታ ስገባ ፊቴንና አፍንጫዬን እታጠባለሁ። ተሳፋሪ "ሞቀን፣ ክፈት" ሲል "ሹፌሩ ካስነጠሰ ገደል ነው" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፣ ይዘጋሉ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ያቺን ልጅ አልወቅስም፣ ፋርማሲውንም ስሙን አልጠራም፤ ወረፋው እስከ ደጅ ነበር፣ እኔም አፌ ስላለኝ መጠየቅ እችል ነበር። ግን ከጣሳ ተቆጥሮ ላስቲክ ውስጥ የሚገባ መድኃኒት ላይ 1×3 ብቻ መጻፍ ምን ማለት ነው? ቤት ስደርስ ሦስት ላስቲክ አለኝ። አንዷ የኔ፣ አንዷ የባለቤቴ የጨጓራ፣ አንዷ የልጄ። ሦስቱም ውስጥ ትናንሽ ክብ ክኒን ነው። ሦስቱም ላይ ቁጥር ብቻ። ማታ መብራት ሲጠፋ የትኛዋ የማን ናት? ስሟን በአማርኛ፣ ሚሊ ግራሟን፣ ካስተኛች ደግሞ "ታስተኛለች" የምትል አንዲት ቃል። ይህን ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የመኪናዬ ኋላ መስታወት ላይ ስንት ጥቅስ ተጽፏል፣ ላስቲኳ ላይ አንድ ቃል እንዴት ይጠፋል?

የሚመለከታቸው የጤና ቢሮ ሰዎች ይህን ካነበቡ ይህን ብቻ ነው የምጠይቀው። እናንተም አዘጋጆች፣ ቦታ ካላችሁ የእነዚህን ክኒኖች ስም በአማርኛ አውጡልን፣ የሚያስተኙት በአንድ ወገን፣ የማያስተኙት በሌላ ወገን። ቆርጬ ዳሽቦርዴ ላይ እለጥፈዋለሁ። ገበያ መሐል በትሪ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ስለሚሸጠው መድኃኒት ደግሞ ሌላ ቀን እጽፋለሁ፣ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።

ትናንት ከኮምቦልቻ ስወጣ ከፊት ወንበር የተቀመጠች ልጅ እግር ሴት ስታስነጥስ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። መስታወቱ ሥር የሰካኋትን የክኒን ካርቶን አየችና "ወንድሜ፣ በአላህ፣ ከዚያች አንዷን ብትሰጠኝ" አለችኝ። ካርቶኗ ላይ የእህቴ ልጅ በትልቁ "ሴትሪዚን 10፣ ማታ አንድ፣ ለሰው አትስጥ" ብላ ጽፋብኛለች። አነበብኩላት። ሳቀች። ከዚያ ሆዷን በእጇ ያዝ አድርጋ "ለነገሩ እኔ ስድስት ወሬ ነው" አለች። ደሴ ስንደርስ ጤና ጣቢያው በር ላይ አወረድኳት፣ ከመነኻሪያው ያልፋል፣ ግን ሒሳብ አልጨመርኩባትም።

አክባሪያችሁ
የደሴ ኮምቦልቻ መስመር ሹፌር
ደሴ